ምዕራፍ 6፦ ጭስ፣ ጮማና ቃሪያ

ትልቁ ሥጋ ገና ነው። ፍሪምባ በዝግታ በጭስ ሲበስል አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ እንግዳ ደግሞ ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው የሚመጣው። በአሜሪካ የጓሮ ድግሶች ላይ ይህን የመጠበቂያ ሰዓት ከሚሞሉት ምግቦች መካከል በብዛት የሚታየው አንድ ነው፦ ለሁለት የተሰነጠቀ ሃላፔኞ ቃሪያ፣ ሆዱ በክሪም ቺዝ ተሞልቶ፣ በስስ ቤከን ተጠቅልሎ፣ በጭስ የበሰለ። ሳህንና ሹካ አይጠይቅም። ቆሞ የሚጨዋወት ሰው በሁለት ጉርሻ ይጨርሰዋል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ቤከኑ ሳይጠበስ ቀርቶ ማኘክ ያስቸግራል፤ ቺዙ ፈስሶ ከሰሉ ላይ ይንጨረጨራል፤ አለዚያም ጭሱ ምላስ ላይ መራራ ሆኖ ይቀራል። የሦስቱም ጥፋት ሥር አንድ ነው። በዚህች ትንሽ ጉርሻ ውስጥ ጠባያቸው የማይገጥም ነገሮች አብረው ተጠቅልለዋል። ጮማው ጠንከር ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቺዙ ለስለስ ያለው ይበቃዋል፤ ጭሱ ደግሞ በደንብ የሚይዘው ምግቡ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የተጻፈ አዘገጃጀት ባይኖረውም ይወጣዋል። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ከመለኪያው ይልቅ ምክንያቱ ላይ ይቆያል።

ነገርን በጮማ ጠቅልሎ መጥበስ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦይስተርን በቤከን ጠቅልለው ያቀርቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የካሊፎርኒያ ምግብ ቤቶች ደግሞ የዶሮ ጉበት እየጠቀለሉ አበሉ። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ከላይ ያለው ጮማ እየቀለጠ ውስጡን ያርሰዋል፣ ከቀጥታ ሙቀትም ይከልለዋል። ይህን ቤት ውስጥ መሥራት የቀለለው ቤከን ተቆርጦ በእሽግ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሲሆን፣ ኦስካር ማየር የተባለው ኩባንያ የተቆራረጠ ቤከን አሽጎ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

ቃሪያ ስንግ ለሚያውቅ አንባቢ የተሞላ ቃሪያ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እንዲያውም በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ስንጉን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በዚሁ በሃላፔኞ ነው፤ የአገር ቤቱ ቃሪያ እንደልብ አይገኝማ። ሃላፔኞ የሜክሲኮ ተክል ነው። ሥጋው ወፍራም በመሆኑ በፀሐይ ቶሎ አይደርቅም፤ በዚህም የተነሳ ሜክሲኮዎች ቀይ ሆኖ የበሰለውን በጭስ ያደርቁታል፣ ቺፖትሌ የሚባለውም ይኸው ነው። ሃላፔኞና ጭስ እንግዲህ የቆየ ዝምድና አላቸው። ያው ወፍራም ሥጋ ለእኛም ይጠቅመናል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀት ላይ ተቀምጦ ሳይፈርስ ቺዙን ይዞ ይቆያል። ቀጭኑ ቃሪያ ይህን አይችልም።

የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። አሜሪካዊው የመድኃኒት ባለሙያ ዊልበር ስኮቪል እ.ኤ.አ. በ1912 የቃሪያን ማቃጠል የሚለካበት ዘዴ አውጥቷል፤ በእሱ መለኪያ ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል። ይህ ሰፊ ልዩነት ነው። ከአንድ ዘለላ የተገዙ ሁለት ቃሪያዎች አንዱ ሕፃን የሚበላው፣ ሌላው አዋቂውን የሚያስለቅስ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል። ካፕሳይሲን ግን የሚመረተው ፍሬው በተያያዘበት ነጭ ሥር ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከሥሩ ስለሚነካካ ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዶችዎ የማያቃጥል እንዲሆንላቸው ከፈለጉ ፍሬውን ማራገፍ አይበቃም፤ ነጩን ሥር በትንሽ ማንኪያ ጠርገው ያውጡት። ጓንት ያድርጉ። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟምና እጅዎን ቢታጠቡም ይቆያል፣ ዓይንዎን የነኩ ዕለት ያስታውስዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል የሳይንስ ግኝት አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ካፕሳይሲን በሰው ነርቭ ላይ የሚነካውን በር ለይተው አሳዩ፤ ጁሊየስ በዚህና ተያያዥ ሥራው በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ያ በር የተሠራው ለቃሪያ አይደለም። ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ የሚያቃጥል ሙቀትን ለአንጎል የሚናገረው እሱው ነው። ቃሪያና እሳት በአንድ በር ይገባሉ ማለት ነው። አሁን ከእሳት የወጣ ትኩስ ሃላፔኞ፣ ቀዝቀዝ ካለው ይልቅ አብልጦ የሚለበልበው ለዚህ ነው። ከእሳት ካወጡት በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት የሚባለው ምክር ቺዙ አፍ እንዳያቃጥል ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የቃሪያውም ኃይል በዚያው ይበርዳል።

ክሪም ቺዝ የተመረጠውም በከንቱ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ክሪም ቺዝ ለመባል ቢያንስ 33 በመቶ የወተት ስብ ሊኖረው ይገባል። ካፕሳይሲን ውሃ ቢንቀውም ስብ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ ቺዙ ማቃጠሉን ከምላስ ላይ ያነሳል። ሌላው ጥቅሙ እንደ ሞዛሬላ በሙቀት የማይጎተትና ቶሎ የማይፈስ መሆኑ ነው። ጨው፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና የተፈገፈገ ቼዳር ቢቀላቀልበት ጣዕሙ ይጠነክራል፤ ቼዳሩ ግን ከሲሶ እንዳይበልጥ፣ በሙቀት ስቡን ለቆ ሁሉንም ያቀልጠዋል። ሲሞሉም ከጠርዙ ጋር እኩል አድርገው በቢላ ያስተካክሉት። ተቆልሎ የተሞላ ሁሉ ይፈስሳል፤ በአብዛኛው የከሰሉ መቀጣጠል ምክንያት ይኸው ስስት ነው።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ፤ የዚህ ሁሉ ልብ እዚህ ነው።

እንጨት በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፦ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን። ሲሞቅ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ እየተሰባበሩ ለምግቡ ወርቃማ ቀለምና ጣፋጭነት የሚሰጡ ነገሮችን ይወልዳሉ። ሊግኒን ሲሰበር ደግሞ ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ ፊኖሎች ይወጣሉ፤ የጭስን ጭስነት የምናሸተው በእነሱ ነው። ፊኖሎች ከሽታ በላይ ሥራ አላቸው፤ ባክቴሪያን ያዳክማሉ፣ ስብም ቶሎ እንዳይሻግት ያዘገያሉ። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ የሚያጥኑት፣ የጠላውንም ጋን በግራዋ አጥበው በወይራ ጭስ የሚሞሉት ይህን ውጤት በልምድ ስለሚያውቁት ነው። የታጠነ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ወተት ጥሩ ከመሽተቱም በላይ ይቆያል። በወይራ በታጠነ እርጎ ያደገ ምላስ ስለ ጭስ ጣዕም ከቴክሳስ ሰው የሚማረው ጥቂት ነው፤ የሚለየው ጭሱ የሚገናኘው ነገር ብቻ ነው።

ሆኖም ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። በቂ አየር ያገኘ እሳት የሚያወጣው ጭስ እጅግ ቀጭን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ አንዳንዴም ለዓይን የማይታይ ነው፤ ሰማያዊ የሚመስለው ብናኞቹ በጣም ትናንሽ ስለሆኑ ነው። አየር ያነሰው ወይም እርጥብ እንጨት የገባበት እሳት ግን ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል። ያ ነጭ ጭስ ለዓይን ድግስ ድግስ ይላል፤ ምግቡ ላይ ግን ጥቀርሻና መራራ ነገር ይለቃል፣ ምላስም ያደነዝዛል። የእንጨት ስንጥርን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚመከርበት መጽሐፍ ብዙ ነው። እኔ አልመክርም። የተዘፈዘፈ እንጨት እስኪደርቅ ድረስ የሚያወጣው በአብዛኛው እንፋሎት ነው፤ እሳቱንም ያቀዘቅዘዋል። ደረቅ እንጨት፣ ጥቂት በጥቂት፣ የአየሩ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ምግቡንም ነጩ ጭስ አልፎ ቀጭኑ እስኪመጣ ድረስ አያስገቡት።

የእንጨቱ ዓይነት የሚባለውን ያህል አያሳስብም። ፖም፣ ቼሪና ፒካን ለስላሳ ናቸው፤ ሂኮሪ ጠንከር ይላል፤ መስኪት ኃይለኛ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ምግብ ይበዛበታል። ወይራ ካገኙ ሳያቅማሙ ይጠቀሙበት። ፈጽሞ የማይነካው ሙጫ ያለው እንጨት ነው፤ ጥድን የመሰለ ሁሉ። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ የግንባታ ጣውላም መርዝ ነው።

ጭስ ምግብ ላይ የሚያርፈው እርጥብና ቀዝቃዛ ገጽ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የተጠቀለሉትን ቃሪያዎች ከማቀዝቀዣ እንደወጡ ወደ ጭሱ ማስገባት ይሻላል። የጭሱን አብዛኛውን ጣዕም የሚወስዱት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ገጹ ይደርቃል፣ በስብም ይሸፈናል፤ ተጨማሪ እንጨት መጫን ትርፉ ማምረር ነው።

ስለ ሙቀቱ ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የአሜሪካ የጭስ ምግብ አፍቃሪዎች 107 ዲግሪ ሴንቲግሬድን፣ በእነሱ አቆጣጠር 225 ፋራናይትን፣ እንደ ሕግ ይዘውታል። ለፍሪምባ ትክክል ነው። ፍሪምባ ውስጥ ያለው ጅማት በዝግታ ወደ ጄላቲን እስኪለወጥ ሰዓታት ይጠይቃልና ዝቅ ያለ እሳት ያሻዋል። ቤከን ግን ስስ ነው፤ እንዲቀልጥ የምንጠብቀው ጅማትም የለውም። የሚያስፈልገው ውሃው ወጥቶ፣ ስቡ ቀልጦ፣ ገጹ ቡናማ እንዲሆን ነው፤ ቡናማነቱም ፈጠን የሚለው ገጹ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። በ107 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ቺዙ ይፈስሳል፣ ቃሪያው ይላላል፣ ቤከኑ ግን አሁንም ለጥርስ ያስቸግራል። ትክክለኛው ቦታ 135 ዲግሪ፣ ማለትም 275 ፋራናይት አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተሩብ ይበቃል። በመጨረሻዎቹ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃዎች የአየሩን ቀዳዳ ከፍቶ ወደ 190 ዲግሪ ማድረስ ደግሞ ቤከኑን ያንኮሻኩሸዋል።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ አካባቢ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን የባሕር ላይ ምልክት የሚሠራበትን ክብ ብረት ለሁለት ከፍሎ ክዳንና አየር ማስገቢያ ያለው ምድጃ አደረገው፤ ዌበር የሚባለው ክብ የጓሮ ግሪል መነሻው ይህ ነው። በዚህ ተራ ግሪል ላይ ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ቃሪያዎቹን በሌላው ጎን ይደርድሩ። ከሥራቸው የስብ መቀበያ ትሪ ያስቀምጡ፤ ክዳኑን ሲገጥሙ የላዩ ቀዳዳ ከቃሪያዎቹ በላይ ይዋል፣ ጭሱ በእነሱ ላይ አልፎ እንዲወጣ። የሚንጠባጠበው ጮማ እሳት ካስነሳ ውሃ አይድፉበት፤ የስብ እሳት ውሃ ሲነካው ይፈናጠራል። ክዳኑን ገጥመው ቀዳዳዎቹን መዝጋት ነው፤ አየር ያጣ እሳት ይሞታል። ዝናብ መጣ ብሎም ግሪሉን ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ቤት ማስገባት አይገባም፤ የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ቤከኑ ራሱ ስስ የተቆረጠው ይመረጥ። ወፍራሙ ለቁርስ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ቃሪያው ከበሰለ በኋላ እሱ ገና ጥሬ ነው። ግማሽ ቃሪያን ለመጠቅለል አንድ ስስ ቁራጭ ይበቃል፤ ሲጠቀለል ዙሩ በዙሩ ላይ እንዳይደረብ ጥንቃቄ ይደረግ፣ ከሥር የተደበቀው ንብርብር አይጠበስምና። ጫፉን በስቴኪኒ ይውጉት። ቡናማ ስኳርና በርበሬ ነስንሶ ማቅረብም የተለመደ ነው፤ የእኛ በርበሬ ከዚህ ጮማ ጋር ያለው ስምምነት ሊሞከር የሚገባው ነው።

እስካሁን ቤከን ስል ስለ ሥጋው ዓይነት ምንም አላልኩም። አሜሪካ ውስጥ ቤከን ሲባል ከአሳማ ሆድ የተቆረጠ፣ በጨው፣ በስኳርና በናይትራይት ታሽቶ የታጠነ ሥጋ ነው። ናይትራይቱ ቀዩን ቀለም ይጠብቃል፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያስከትለውን ባክቴሪያም ይገታል። አብዛኛው አንባቢዬ አሳማ እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ምግቡ ግን በዚህ ምክንያት አይቀርበትም። የበሬ ቤከን አለ። ከፍሪምባው ቀጥሎ ካለው ስብ የበዛበት የሆድ ሥር ሥጋ ይቆረጣል፣ በተመሳሳይ መንገድ በጨው ታሽቶ ይታጠናል፤ በአሜሪካ በሐላል ሥጋ ቤቶች ይገኛል። ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ ለእኔ ከሃላፔኞ ጋር ከአሳማው አያንስም። የበሬ ስብ ግን ከአሳማው በበለጠ ሙቀት ስለሚቀልጥ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ረግቶ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ አሥሯ ደቂቃ ካለፈች በኋላ ሳይውል ሳያድር ይቅረብ፤ በትንሽ በትንሹ እየተጠበሰ ቢወጣ ደግሞ የበለጠ ያምራል። የተርኪ ቤከን ስቡ ትንሽ በመሆኑ ቃሪያውን አያርሰውም፣ ቶሎም ይደርቃል። እሱን የሚጠቀሙ ከሆነ ላዩን ቅቤ ይቀቡት፤ የአገር ቤት ንጥር ቅቤ ከተገኘማ ጉድለቱን ከመሸፈን አልፎ የራሱን ሽታ ይጨምራል።

ለሚጾም እንግዳም መንገድ አለ። ያንኑ ሃላፔኞ እንደ ስንግ በቀይ ሽንኩርትና በቲማቲም ሞልተው ዘይት ቀብተው ሃያ ደቂቃ ጭስ ላይ ቢያቆዩት የጾም ምግብ ይሆናል። ጮማው ከነካው ፍርግርግ ላይ ግን አይጋገርም፤ መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ ከዚያ ሥጋው ይግባ።

ቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። ከአንድ ቀን በፊት ተሞልቶና ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር አይጎዳም፤ እንዲያውም ቺዙ ስለሚጠነክር ዘግይቶ ይፈስሳል። ከበሰለ በኋላ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆይ፤ የውጩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለው መካከል ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። የታጠነ ሥጋ ነው፣ ጨው አለበት ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ውስጡ ያለው ቶሎ የሚበላሽ ቺዝ ነው።

ጓሮው የሁሉም ሰው ከሆነ፣ የሥጋው ነገር ከጣዕም በላይ ነው። የአሳማውና የበሬው ቤከን በአንድ ፍርግርግ ላይ ከተጠበሱ ስቡ ይነካካል፤ ያኔ የበሬው ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም አልሆነም። የበሬውም ቢሆን ሙስሊሙ እንዴት እንደታረደ ይጠይቃል፤ የአይሁድን ሕግ የሚጠብቅ ቤተ እስራኤል ደግሞ ሥጋና ቺዝ አንድ ላይ አይበላም፣ የበሬ ቢሆንም። ስለዚህ ሁለት ግሪል ከሌለዎት አንዱን ሥጋ ብቻ ይምረጡ፤ ከመረጡም የበሬውን ሐላል ያድርጉት፣ የሚበላው ሰው ቁጥር ይበዛልና። ሁለቱንም ካቀረቡ ትሪውና መቆንጠጫው ይለያይ፤ በእያንዳንዱ ትሪ ላይ ምን ሥጋ እንደሆነ በጉልህ ይጻፍ። እንግዳዎ ሳያውቅ እንዲጎርስ አያድርጉት።